ገደብ ባለው አመጋገብ ላይ ያለ ልጅ ሆዱ ሲደርቅ ምን እናድርግ? ደረጃ በደረጃ

ይህን ጥያቄ የሚያነሳልኝ ወላጅ አይጠፋም። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ልጄን እህልም ወተትም የሌለበት ምግብ አስጀመርኩት። ቁርጠቱ ቀለል አለለት። አሁን ግን ካካ ማድረግ አቃተው። አራት ቀን፣ አምስት ቀን ይቆያል፤ ሲመጣም እያለቀሰ ነው። ምን ልስጠው?» ለየብቻ ከመመለስ አንድ ላይ ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ገደብ ያለው አመጋገብ ስል ለማገገም ተብሎ እህል፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ስኳር ወይም ሌላ ምግብ ለጊዜው የሚወጣበትን ማለቴ ነው። አመጋገቡ ልክ ነው አይደለም ወደሚለው አልገባም። ጀምራችሁታል፤ ልጁ ደግሞ ሆዱ ደርቋል። የምናወራው ስለዚያ ነው።

ሁሉም የሚጠይቀኝ «ምን ልስጠው» ብሎ ነው። እኔ የማስቀድመው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የተጠራቀመው ይወጣል። ከዚያ አዲስ የሚመጣው እንዳይጠነክር ይደረጋል። አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ወላጅ ከመጨረሻው ይጀምርና የልጁ ሆድ ጭራሽ ይብስበታል።

ቤት ውስጥ ከመሞከራችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ልጅ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ይህን መመሪያ አስቀምጡና ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

- ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ከሆነ።
- ድርቀቱ በተወለደ በመጀመሪያው ወር ከጀመረ፣ ወይም እንደተወለደ የመጀመሪያውን ሰገራ ለማውጣት ከ48 ሰዓት በላይ ፈጅቶበት ከነበረ።
- ሆዱ ተነፍቶ ከተወጠረ፣ ካስመለሰው፣ በተለይ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ። ይሄ ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።
- ትኩሳት ካለው፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም እድገቱ ከቆመ።
- ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ወይም ብዙ ደም ካያችሁ። በደረቅ ሰገራ ላይ ጭረት የምታክል ቀይ ደም ብዙ ጊዜ ፊንጢጣው ስለተሰነጠቀ የምትመጣ ናት። ቢሆንም ለሐኪም ንገሩ።
- እግሩ ከደከመ፣ አረማመዱ ከተቀየረ፣ ወይም ቀድሞ ይቆጣጠረው የነበረውን ሽንት መቆጣጠር ካቃተው።

ለሚጥል በሽታ ተብሎ ኬቶጄኒክ አመጋገብ፣ ማለትም ቅባት የሚበዛበትና እህልና ስኳር ተለክቶ እጅግ የሚቀነስበት፣ የታዘዘለት ልጅ ደግሞ ለብቻው ነው የሚታየው። ድርቀት በዚህ አመጋገብ በጣም የተለመደ ነው። ነገር ግን እዚህ የዘረዘርኳቸውን ፍራፍሬዎች ያለሐኪሙ ፈቃድ አትስጡት። ትንሽ ስኳር እንኳ፣ የሽሮፕ መድኃኒት ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ስሌቱን ያበላሻል።

ስንዴን ከልጁ ምግብ ገና ልታወጡ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቆዩ። ሴሊያክ የሚባለው፣ ስንዴ ውስጥ ካለው ግሉተን ከተባለ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ በሽታ በድርቀትም ሊገለጥ ይችላል። ምርመራው በትክክል የሚሠራው ልጁ ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። ቀድማችሁ ካወጣችሁት በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ አውጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክም ይሆናል፤ ዋናው በየቀኑ መጻፉ ነው።
- የብሪስቶል የሰገራ ሰንጠረዥ ሥዕል። ሰገራን ከ1 እስከ 7 በቅርጹ የሚለይ ነው።
- ልጁ ሽንት ቤት ሲቀመጥ እግሩን የሚያሳርፍበት ጠንካራ በርጩማ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ፖፖ፣ ወይም የትልቅ ሰው መቀመጫ ላይ የሚገጠም የልጅ መቀመጫ።
- የሚሊ ሊትር ምልክት ያለው ኮዳ።
- ቫዝሊን።
- በአመጋገቡ የተፈቀዱ ምግቦች ሙሉ ዝርዝር። በቃል ሳይሆን በወረቀት።
- ሐኪም ያዘዘው የሰገራ ማለስለሻ።

1. በእርግጥ ድርቀት መሆኑን አረጋግጡ

ለሦስት ቀን ያህል መዝግቡ። መቼ ወጣ፣ ምን ይመስላል፣ አመመው ወይ፣ ምን በላ፣ ምን ያህል ጠጣ። ሕመሙ ከበረታ ወይም ካካ ካደረገ ብዙ ቀን ካለፈ ግን ምዝገባውን አትጠብቁ፤ ወደ 2 እለፉ።

ይህን የምለው ቀን መቁጠር ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። እህልና ጥራጥሬ ሲወጣ የሰገራው መጠን ራሱ ያንሳል። በሁለት ቀን አንዴ፣ ለስላሳ፣ ያለሕመም የሚያወጣ ልጅ ሆዱ አልደረቀም። በየቀኑ ጠጠር ጠጠር የሚያክል የሚያወጣ ልጅ ግን ደርቋል።

በሰንጠረዡ 1 ማለት የተበታተነ ጠጠር፣ 2 ማለት ጎርበጥባጣ ድፍን ነው። ሁለቱም ድርቀት ናቸው። 3 ላዩ የተሰነጣጠቀ ነው፤ 4 ደግሞ ለስላሳና ወጥ። የምንፈልገው 4ን ነው። በሳምንት ሁለቴ ወይም ከዚያ በታች መውጣት፣ ሽንት ቤቱን የሚደፍን ትልቅ ሰገራ፣ ሕመም፣ የውስጥ ሱሪ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው።

አንዱን ምልክት ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ልጁ በድንገት ጨዋታውን ያቆማል። ከሶፋው ጀርባ ይሄዳል። በእግሩ ጣቶች ይቆማል፣ ጭኖቹን ያጣብቃል፣ መቀመጫውን ይጨብጣል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ዝም ይላል። አብዛኛው ወላጅ «እያማጠ ነው» ይላል። እያማጠ አይደለም። እንዳይወጣበት እየያዘ ነው። አንዴ ካመመው በኋላ ሁለተኛውን ይፈራል፣ ይይዛል። የተያዘው ሰገራ ውሃው ይመጠጥና ይጠነክራል፣ ሲወጣ ደግሞ የባሰ ያማል። ድርቀቱን ያመጣው አመጋገቡ ቢሆን እንኳ ከሳምንታት በኋላ እያቆየው ያለው ይህ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ምግብ ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ የማይበቃው።

2. የተጠራቀመ ካለ መጀመሪያ እሱ ይውጣ

ልጁ የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ፣ የታችኛው ሆዱ ላይ ጠንካራ ነገር ከተዳሰሰ፣ ወይም ሱሪው ላይ ሳያውቀው ፈሳሽ ሰገራ ከታየ ሰገራ ተጠራቅሞበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ፈሳሹ ብዙ ሰው ያሳስታል። ተቅማጥ ይመስላል። ነገር ግን አዲስ የሚመጣው ቀጭን ሰገራ በደረቀው ጎንና ጎን ሾልኮ የሚወጣ ነው። ልጁ ሲወጣ አይሰማውም፤ የአንጀቱ ጫፍ ስለተለጠጠ ስሜቱ ደንዝዟል። ስለዚህ አትቆጡት። ተቅማጥ ነው ብላችሁም ማለስለሻውን አታቋርጡ።

እዚህ ላይ አሰር መጨመር መንገዱ በተዘጋበት ላይ ተጨማሪ መኪና መልቀቅ ነው። መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት።

የሚከፍተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ነው። የሕፃናት ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመርጡት ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባለውን ዱቄት ነው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ውሃውን ይዞ አንጀት ውስጥ ይቆይና ሰገራውን ያርሰዋል። የተጠራቀመውን ለማውጣት በዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ የተቀመጠው መጠን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም፣ ከ3 እስከ 6 ቀን ነው። ቁጥሩን የጻፍኩት ሐኪሙ ሲያዝላችሁ «በዛ» ብላችሁ ደንግጣችሁ እንዳትቀንሱ ነው፤ ራሳችሁ እንድትጀምሩት አይደለም።

«አመጋገቡን አያበላሽብኝም?» ትሉኛላችሁ። ዱቄቱ ራሱ እህል፣ ወተት ወይም ስኳር አይደለም። የምትጠነቀቁት ለተጨመረበት ጣዕም ነው፤ ጣዕም የሌለውን ጠይቁ። ላክቱሎስ የሚባለው ሌላ ማለስለሻ ግን ስኳር ነው። አንጀት ውስጥ ስለሚብላላ ጋዝ ያበዛል፤ ጥቂት ላክቶስና ጋላክቶስም፣ ማለትም ወተት ውስጥ የሚገኝ ስኳር፣ ይኖርበታል። እሱ ከታዘዘላችሁ ልጁ ከምን ከምን እንደተከለከለ ለሐኪሙና ለፋርማሲ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

በእነዚህ ቀናት ልጁ ሽንት ቤት አቅራቢያ ይሁን። ትምህርት ቤት ያለበት ልጅ ከሆነ ዓርብ ማታ መጀመር ይቀላል። ቅያሬ ልብስም አዘጋጁ፤ መጀመሪያ ብዙ፣ ቀጥሎ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው።

3. ከምግቡ ምን እንደጎደለ ቁጠሩ

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። የአንድ ቀን ምግቡን ጻፉና አሰሩን ደምሩ። ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ የቆየች ቀላል ስሌት አለች፦ ዕድሜው ላይ 5 ደምሩ። ለ5 ዓመት ልጅ በቀን 10 ግራም ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚሉ መመሪያዎችም አሉ፤ ለመነሻ ግን ይህች ትበቃለች።

ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቅባትና የአጥንት መረቅ አሰር የላቸውም። ዜሮ። እስቲ አንድ የተለመደ ቀን እንውሰድ። ቁርስ እንቁላል። ምሳ ዶሮ፣ በመረቅ የተቀቀለ ካሮት ግማሽ ሳህን። መክሰስ የተጠለለ የፍራፍሬ ጭማቂ። እራት ሥጋ በዝኩኒ። ንጹሕ፣ የሚያኮራ ምግብ ነው። አሰሩ ሲደመር ግን ከ3 ግራም ብዙም አይዘልም። የ5 ዓመት ልጅ ከሆነ የሚያስፈልገውን አንድ ሦስተኛ እንኳ አላገኘም።

ሁለተኛ የምታዩት አጠቃላይ መጠኑን ነው። የተፈቀደው ምግብ ስላልጣመው በጣም ትንሽ የሚበላ ልጅ የሚወጣውም ትንሽ ነው። ያኔ ችግሩ ድርቀት ሳይሆን ረሃብ ሊሆን ይችላልና ክብደቱን መዝኑ።

ሦስተኛ፣ ወተትና አይብ የተፈቀደለት ከሆነ ብዛቱን እዩ። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ በወተት ይሞላና ሌላውን ምግብ ይተዋል።

አራተኛ፣ ከአመጋገቡ ጋር አብሮ የተጀመረ ተጨማሪ ነገር ካለ ጠርጥሩ። አይረንና ካልሲየም ሊያደርቁ ይችላሉ። በሐኪም የታዘዘ ከሆነ ግን ራሳችሁ አታቁሙት፤ ጠይቁ።

4. ፈሳሹን ልክ አስገቡ

በቀን በመጠጥ መልክ የሚያስፈልገው በግምት ይህን ያህል ነው።

- ከ1 እስከ 3 ዓመት፦ 900 ሚሊ ሊትር።
- ከ4 እስከ 8 ዓመት፦ 1200 ሚሊ ሊትር።
- ከ9 እስከ 13 ዓመት፦ ለሴት 1600፣ ለወንድ 1800 ሚሊ ሊትር።

መረቅም ይቆጠራል። ሙቀት ካለ ወይም ልጁ ሲሮጥ ከዋለ ይጨምራል። እህልና ስኳር በአንዴ ሲወጣ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጠራቀመውን ውሃና ጨው ያፈስሳል፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ጠበቅ አድርጉ።

ከዚህ በላይ ማጠጣት ግን ጥቅም የለውም። በቂ ጠጥቶ የዋለን ልጅ ተጨማሪ ሁለት ብርጭቆ ብታስገድዱት በሽንት ይወጣል እንጂ ሰገራውን አያለሰልስም። ኮዳውን ጠዋት ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ከምግብ በፊት ሳይሆን ከምግብ ጋርና ከምግብ በኋላ ይጠጣ። ከምግብ በፊት ከሆነ ሆዱ ሞልቶ ምግቡን ይተዋል።

5. አሰሩን ከተፈቀደው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ

የተጠራቀመው ከወጣ በኋላ ነው ይህ የሚመጣው። በየሦስት ቀኑ 2 ወይም 3 ግራም ያህል ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከሆነ ሆዱ ይነፋል፣ ያመዋል፣ ልጁም ምግቡን ይጠላል። ደግሞ አንድ አዲስ ምግብ ብቻ በአንድ ጊዜ። ሁለት አብራችሁ ካስገባችሁ የትኛው እንዳልተስማማው አታውቁም፤ የገደብ አመጋገቡም ትርጉም ያጣል።

ከዝርዝራችሁ ጋር እያመሳከራችሁ ከእነዚህ ምረጡ፦

- የደረቀ ፕሪም። አምስት ፍሬ 3 ግራም ገደማ አለው። ዋናው ኃይሉ ግን ሶርቢቶል የሚባለው የስኳር ዓይነት ነው፤ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። ውስጡ ያለውን ጠንካራ ፍሬ አውጡ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ፍጩት። ለትንሽ ልጅ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ጀምሩ።
- ፒር ከነልጣጩ። አንዱ መካከለኛ ፍሬ 5 ግራም ያህል አለው።
- አቮካዶ። 100 ግራም ላይ 6 ወይም 7 ግራም። ለማይበላ ልጅ በጣም ይጠቅማል፤ ብዙ ኃይልም አለው።
- ኪዊ። አንዱ 2 ግራም።
- የተፈጨ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 2 ግራም፤ መረቅ ወይም የተፈጨ አትክልት ውስጥ ገብቶ አይታወቅም። ፈሳሽ ሳይበዛ አትስጡት።
- ቺያ የሚባለው ጥቃቅን ዘር። አንድ የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም። ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ደረቁን ከተዋጠ ጉሮሮ ውስጥ ሊያብጥና ሊያንቅ ይችላል።
- ብሮኮሊ፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች። ተቀቅለው 100 ግራም ላይ በግምት 3 ግራም። አተር ከተፈቀደ 5 ግራም አለው።

«የእኛ አመጋገብ ጥሬ አይፈቅድም» የምትሉ አትጨነቁ። መቀቀል አሰርን አያጠፋም። የሚያጠፋው መላጥና ማጥለል ነው። ጭማቂውን በወንፊት ከምታጠሉት ፍሬውን ሙሉውን ቀቅላችሁ ፍጩት። መረቁ ውስጥ የተቀቀለውን አትክልት አውጥታችሁ አትጣሉ፤ እዚያው ፈጭታችሁ ወፍራም ሾርባ አድርጉት።

ሆድን የሚነፉ የስኳር ዓይነቶች የሚወጡበት፣ ሎው ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ ላይ ያለ ልጅ ፕሪምና ፒር አይሆኑለትም፤ ሶርቢቶሉ ነው የተከለከለው። ኪዊ፣ ቺያና ካሮት ይበቁታል።

አንዳንዱ አመጋገብ ደግሞ መነሻው ላይ መረቅና የተቀቀለ ሥጋ ብቻ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ልጁ ከደረቀ «ይለፍ» ብላችሁ አትቆዩ። ካዘዘላችሁ ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሻገር። ባለሙያ ካላዘዘላችሁ፣ ከራሳችሁ ያመጣችሁት ከሆነ፣ አትክልቱን ለመጨመር የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ።

ሁለት ማሳሰቢያ። ለውዝና አልሞንድ ሙሉውን ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቃል። በእነዚህ አመጋገቦች ብቸኛ ማጣፈጫ ሆኖ የሚገኘው ማር ደግሞ ከ1 ዓመት በታች ፈጽሞ ክልክል ነው። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ያመጣል፤ የመጀመሪያ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ድርቀት ነው።

6. ከምግብ በኋላ አስቀምጡት

ሆድ ምግብ ሲገባበት ትልቁ አንጀት ይነቃል። ይህ የተፈጥሮ ምላሽ ነው፤ በተለይ ከቁርስ በኋላ ይበረታል። ያን ሰዓት መጠቀም ነው። ከምግብ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ቢበዛ አሥር።

አቀማመጡ ወሳኝ ነው። እግሩ አየር ላይ ከተንጠለጠለ የታችኛው ጡንቻ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። በርጩማው ላይ እግሩን ያሳርፍ፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ክርኑን ጭኑ ላይ ያድርግ። ፊኛ ወይም የሳሙና አረፋ ይንፋ። ሲነፋ የሆዱ ጡንቻ ሳያስበው ይገፋለታል፤ መንፈሱም ከፍርሃቱ ይርቃል።

ሽልማት ካለ ለመቀመጡ ይሁን፣ ለማውጣቱ አይደለም። መቀመጥ በእጁ ነው፤ ማውጣት ግን ሁልጊዜ በእጁ አይደለም። ባላወጣ ቁጥር ሽልማት ከቀረበት ሽንት ቤቱ የሚሸነፍበት ቦታ ይሆናል።

ዳይፐር ካልሆነ አላደርግም የሚል ልጅ ካለ በዳይፐር ያድርግ። ዳይፐር የማስቆሙ ትምህርት ይቆይ። ከመያዝ ይልቅ የትም ይውጣ።

7. ቁስሉንና ፍርሃቱን አክሙ

ፊንጢጣው ከተሰነጠቀ እያንዳንዱ ሰገራ ያቃጥለዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ከውጭ ቫዝሊን ቀቡት። ሽንት ቤት ከመግባቱ በፊትም ቀቡት። በሳሙና አትፈትጉ፣ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ።

አነጋገራችሁንም ተጠንቀቁ። «አንተ ሰነፍ፣ እንደገና ሱሪህ ላይ?» የሚል ቃል መያዙን ያብሰዋል። «ካካው ጠንካራ ስለነበር ነው ያመመህ፤ አሁን እያለሰለስነው ነው» በሉት። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ይረዳል።

መሮጥና መዝለልም አንጀትን ያነቃቃል። ብቻውን ግን ድርቀት አይፈታም።

8. ማለስለሻውን ቶሎ አታቁሙ

ብዙ ቤት ነገሩ እንደገና የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰገራው ሦስት አራት ቀን ለስላሳ ሲሆን መድኃኒቱ ይቆማል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። የተለጠጠው አንጀት ወደ መጠኑ ለመመለስ፣ ልጁም «አያመኝም» ብሎ ለማመን ጊዜ ይፈልጋሉ።

በሕክምና መመሪያው መሠረት ማለስለሻው ቢያንስ 2 ወር ይሰጣል። የሚቀነሰው ምልክቶቹ ሁሉ ከጠፉ ቢያንስ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ፣ ከሐኪም ጋር። «አንጀቱ ይለምደዋል፣ ይሰንፋል» የሚለው ስጋት ለፖሊኢትሊን ግላይኮል አይሠራም። አንጀትን የሚያሰንፈው ተለጥጦ መቆየቱ ነው።

9. ምግቡን መልሳችሁ አስፉ

የገደብ አመጋገብ ማብቂያ ቀን ሊኖረው ይገባል። ምን እንደወጣ፣ ለምን እንደወጣ፣ መቼ እንደሚሞከር ጻፉ። ስትመልሱ አሰር ካላቸው ጀምሩ፤ አንድ በአንድ፣ በሦስት ቀን ልዩነት። ምግቡ የወጣው ከባድ አለርጂ ስላስነሳ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። መመለሱ በሐኪም ፊት ነው።

በሌላ ሕክምና ላልተፈታ ድርቀት ሐኪሞች አንዳንዴ የላም ወተትን ከ2 እስከ 4 ሳምንት አቁመው ያያሉ። ለውጥ ካልመጣ ወተቱ ይመለሳል። ለውጥ ሳይታይ ወተት ለወራት ተከልክሎ የሚቆይ ልጅ ካልሲየሙን ከየት እንደሚያገኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይቁጠርላችሁ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«ሰውነቱ እየነጻ ነው።» ድርቀት የመዳን ምልክት አይደለም። መርዝ እየወጣ ነው የሚባለውን አትቀበሉ፤ ሰገራው ስላልወጣለት ነው ልጁ የሚያለቅሰው።

ቤት ውስጥ ኢኒማ ማድረግ፣ ማለትም በፊንጢጣ ፈሳሽ አስገብቶ አንጀትን ማጠብ። አንዳንድ የማገገሚያ አመጋገቦች እንደ ተራ ነገር ይመክሩታል። በፊንጢጣ የሚገባ የፎስፌት ኢኒማ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ የሰውነትን የጨውና የካልሲየም ሚዛን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። በቤት የተበጠበጠ ጨውና ውሃም አደገኛ ነው። ቀድሞውኑ የሚፈራን ልጅ አስገድዶ መንካት ደግሞ ፍርሃቱን ያጸናዋል። ሐኪም ካላዘዘ አታድርጉት።

ማግኒዚየም በግምት መስጠት። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በማንኪያ የሚሰጥ ማግኒዚየም፣ በተለይ ኩላሊቱ ደካማ ለሆነ ልጅ፣ መጠኑ ካለፈ ልብና አተነፋፈስን ይጎዳል። ሴና የሚባለው ቅጠል ያለበት ሻይም እንዲሁ፤ ሴና መድኃኒት ነው፣ ሻይ ውስጥ ደግሞ ስንት እንዳለ አይለካም።

ሰገራ ለማለስለስ ተብሎ የፓራፊን ዘይት ለትንሽ ልጅ መስጠት። ከ1 ዓመት በታች ላለ ወይም መዋጥ ለሚያስቸግረው ልጅ አይሰጥም። በስህተት ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

በፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማሉ በሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች፣ መተማመን። ከተፈቀደላችሁ ስጡ፤ ግን ለልጆች ድርቀት ሕክምና ተብሎ አይመከርም። ማለስለሻውን በእሱ አትተኩ።

ለሐኪም ቀጠሮ የምትይዙት

ሁለት ሳምንት ሠርታችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ሕመሙ ከባሰ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ። ስትሄዱ የሰገራ መዝገባችሁን ከብሪስቶል ቁጥሩ ጋር፣ የተከለከሉትን ምግቦች ዝርዝርና የሚወስዳቸውን ነገሮች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ያዙ። «ተፈጥሯዊ» የተባሉትንም ጨምሩ። የልጁን ክብደት ቀድሞና አሁን ጻፉ። አመጋገቡን ለመደበቅ የሚፈተን ወላጅ አለ፤ እንዳይቆጡኝ ብሎ። አትደብቁ። ሐኪሙ ምን እንደማይበላ ካላወቀ የሚያዝለት ሁሉ በግምት ይሆናል።